በረመዳን ስልካችን ላይ ያደባ ሌባ

ረመዳን በገባ ቁጥር ኢማም የሚጠየቀው ነገር የታወቀ ነበር። መርፌ መወጋት ፆም ያፈርሳል? የዓይን ጠብታስ? የምታጠባ እናት ያለፋትን ቀን እንዴት ትተካለች? ዘካተል ፊጥር ዘንድሮ በብር ስንት ይሆናል? እነዚህ ጥያቄዎች ዛሬም አልቀሩም። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ከተራዊህ በኋላ ሰው እስኪበተን ጠብቆ፣ ጫማውን እያጠለቀ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚጠይቅ ሰው በዝቷል። «ሼኬ፣ በስልክ ብሬን ወሰዱብኝ። ለቤተሰብ አልተናገርኩም። ምን ይሻለኛል?» ይላል።

እንዲህ ብለው የሚመጡት ሞኝ ሰዎች አይደሉም። ቀጨኔ የሸማኔና የሸክላ ሠሪ ሰፈር ነው። አንድ ጋቢ ስንት ድርና ማግ እንደሚፈጅ፣ ሽሮ ሜዳ ገበያ ላይ በስንት እንደሚወጣ በቃሉ የሚያሰላ ሰው በገንዘብ ጉዳይ እንዲህ በቀላሉ አይታለልም። የሚታለለው በደግነቱ በኩል ሲመጡበት ነው። ረመዳን ደግሞ ደግነታችን የሚበዛበት ወር ነው፤ ሌባው ይህን ከእኛ ይበልጥ ያውቃል።

ድሮ ገንዘባችን በእናቶቻችን መቀነት ተቋጥሮ ወይም በሣጥን ተቆልፎ ይቀመጥ ነበር። ሌባ እዚያ ለመድረስ አጥር መዝለል፣ ውሻ ማለፍ ነበረበት። ግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ሲጀምር፣ ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ኤምፔሳ ሲከተል፣ ባንኮችም እያንዳንዳቸው መተግበሪያ ሲያወጡ ገንዘቡ ስልካችን ውስጥ ገባ። በ2016 በጀት ዓመት ማብቂያ የቴሌብር ደንበኞች ብቻ ከ40 ሚሊዮን በላይ መድረሳቸውን ኢትዮ ቴሌኮም ገልጿል። ይህ ጸጋ ነው። ወሎ ላለች እናት የሱሁር ማሟያ ለመላክ አውቶቡስ ተራ ሄዶ የታመነ መንገደኛ መፈለግ ቀርቷል። አጥሩና ውሻውም ግን አብረው ቀርተዋል።

በብዛት የምሰማውን አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። መግሪብ ሊል ትንሽ ሲቀረው፣ ሁሉም ወደ ማዕድ በሚጣደፍበት ሰዓት፣ አጭር መልዕክት ይገባል። «6,000 ብር ገቢ ተደርጎልዎታል» ይላል። አጻጻፉ ከባንክ የመጣ ይመስላል። ወዲያው ስልክ ይጮኻል። ሴት ናት፤ ታለቅሳለች። «አሰላሙ አለይኩም አባቴ፣ ለልጄ መድኃኒት መግዣ የምልከውን ብር ተሳስቼ ወደ እርስዎ ላክሁት። በአላህ ይሁንብዎ ይመልሱልኝ፤ ረመዳን ነው» ትላለች። አባት ከልጅነቱ ጀምሮ የሰው ገንዘብ አማና ነው ሲባል ያደገ ሰው ነው። ቀሪ ሂሳቡን ሳያይ 6,000 ብር ይልክላታል። አፍጥሮ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ ልቡ ሲረጋጋ መልዕክቱን መልሶ ሲያየው የመጣው ከአንድ ተራ የስልክ ቁጥር ነው። ሂሳቡ ውስጥ የገባ አንድም ብር የለም፤ የወጣው ግን የራሱ ነው።

ይህ ሰው ስግብግብ ቢሆን ኖሮ ዝም ብሎ ይቀመጥ ነበር፤ ገንዘቡም ይተርፍለት ነበር። የተወሰደበት ታማኝ ስለሆነ ነው። ስለዚህ «ምን አስቸኮለህ?» ብለን ከመቆጣታችን በፊት የትኛው ጠባዩ እንደተዘረፈ ማወቅ አለብን።

በቁርኣን አል-ሑጁራት በተባለው 49ኛው ምዕራፍ፣ 6ኛው አንቀጽ፣ አመጸኛ ሰው ወሬ ይዞ ሲመጣ ምእመናን ሳያውቁ ሰው ጎድተው በኋላ እንዳይጸጸቱ አንድ ነገር እንዲያደርጉ ታዘዋል። ትእዛዙ የተነገረበት ቃል በብዙዎቻችን አቀራር «ፈተበየኑ» ነው፤ አጣሩ፣ ነገሩ ግልጽ እስኪሆንላችሁ መርምሩ ማለት ነው። ከሰባቱ የታወቁ የቂራኣት ኢማሞች ሐምዛና አል-ኪሳኢ ደግሞ «ፈተሰበቱ» ብለው ያነቡታል። ይህ ርጉ፣ ቆም በሉ፣ አትቸኩሉ ማለት ነው። ሁለቱም የጸኑ ንባቦች ናቸው፤ አንዱ ሌላውን ያብራራል። ተማሪ ሳለን ይህን ልዩነት የምንይዘው ለደርስ ነበር። ዛሬ የስልክ ሌቦችን ሥራ ስመለከት ግን ሁለቱ ቃላት ቅደም ተከተል ያላቸው ሆነው ይታዩኛል፤ መጀመሪያ መቆም፣ ከዚያ ማጣራት። ያልቆመ ሰው ማጣራት አይችልም። የሌባው ድካም ሁሉ እንዳንቆም ነው። «አሁኑኑ»፣ «ሂሳብዎ ሊዘጋ ነው»፣ «ልጁ ኦፕራሲዮን ክፍል በር ላይ ነው»፣ «ስልኩን እንዳይዘጉት» የሚለው ለዚሁ ነው። አሥር ደቂቃ ካገኘን ሥራው ይፈርስበታል።

በአሥር ደቂቃ ውስጥ የሚደረገውም ከባድ አይደለም። ስልኩን መዝጋት፤ የራስን ቀሪ ሂሳብ በራስ መተግበሪያ ወይም ኮከብ 127 መሰላል ደውሎ ማየት፤ የደወለው ሰው በሰጠን ቁጥር ሳይሆን እኛ በምናውቀው ቁጥር ተቋሙን መጠየቅ። በእርግጥ የሰው ብር በስህተት ገብቶ ከተገኘስ? መመለሱ ግዴታ ነው። ነገር ግን ራሳችን ለደወለው ሰው አንልክም፤ ለባንኩ ወይም ለቴሌብር አመልክተን እነሱ ወደመጣበት ይመልሱታል። ምክንያቱም ብሩ ከሌላ ሰው የተሰረቀ፣ በእኛ ሂሳብ በኩል እንዲያልፍ የተፈለገ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ፖሊስ ዱካውን ሲከተል መጀመሪያ የሚያገኘው የእኛን ስም ነው።

በእጅ የሠሩትን ለሚሸጡ ወገኖቼም ይኸው ይሠራል። ዒድ ሲቃረብ በቴሌግራም «ሁለት ጋቢና አንድ ቀሚስ እፈልጋለሁ» የሚል ደንበኛ ይመጣል፤ መልእክተኛ ይልካል፤ የከፈለበትን ደረሰኝ ስክሪንሹት አንስቶ ያሳያል። ስክሪንሹት ደረሰኝ አይደለም። ሥዕል ነው፤ ሥዕል ደግሞ ማንም ይሥላል። ብሩ በሻጩ ሂሳብ ላይ ካልታየ ዕቃው ከቤት አይወጣም። ደንበኛ ቢቀየም ይቀየም፤ ሐቀኛ ደንበኛ ሁለት ደቂቃ ቢጠብቅ አይጎዳም።

«ከቴሌ ነው የምደውለው፣ ሽልማት ደርሶዎታል፣ አሁን የገባልዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ» የሚለውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ያ ቁጥር የቤታችሁ ቁልፍ ነው። ባንክም ሆነ ቴሌ የሚስጥር ቁጥር ወይም የማረጋገጫ ቁጥር ደውሎ አይጠይቅም። በኮከብ ጀምሮ በመሰላል የሚያልቅ፣ መሐሉ የማታውቁት ስልክ ቁጥር ያለበት ነገር እንድትደውሉ ቢነግሯችሁም እንቢ በሉ፤ የሚደወልላችሁ ጥሪ ሁሉ ወደ እነሱ ስልክ እንዲዞር ማድረጊያ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ግን በኢሞና በቴሌግራም የሚደረገው ነው። በየመንደራችን ጅዳ፣ ሪያድ፣ ዱባይ ወይም ቤይሩት ልጅ የሌላት እናት ጥቂት ናት። ከልጇ ጋር የሚያገናኛት ያ አንድ ስልክ ነው። ሌባው በአንድ ዘዴ የማረጋገጫ ቁጥሩን ካገኘ የልጅቱን ኢሞ ወይም ቴሌግራም ይይዛል። የድሮ መልዕክቶቻቸውን ያነባል፤ እናቷን ምን ብላ እንደምትጠራ፣ ታናሽ ወንድሟ የት እንደሚማር፣ ደመወዝ መቼ እንደሚገባላት ያውቃል። ከዚያ ለእናት «እማዬ፣ ፖሊስ ይዞኛል፣ ለዚህ ሰው ቶሎ ላኪለት» ብሎ ይጽፋል። አንዳንዴም ተገላቢጦሽ ነው፤ በወንድም ስም ሆኖ ለልጅቱ «እናታችን ሆስፒታል ገብታለች» ይላል። ሰው ቤት እየሠራች፣ ሱሁር የምትበላበት ደቂቃ እንኳ ተቆጥሮ የሚሰጣት ልጅ የሁለት ወር ደመወዟን ትልካለች። አሁን ደግሞ ከአጭር የድምፅ ቅጂ ተነስቶ የሰውን ድምፅ የሚያስመስል ማሽን ስለመጣ «ድምፅዋን ሰምቻለሁ» ማለት ብቻውን ማስረጃ መሆኑ ቀርቷል።

ለዚህ ለየቤተሰቡ የምመክረው አንድ ነገር ነው። ከኢፍጣር በኋላ ተቀምጣችሁ፣ ውጭ ያለችውንም ደውላችሁ፣ የቤታችሁን ጥያቄ ተስማሙ። በስልክ ተጽፎ የማያውቅ፣ ቤተሰቡ ብቻ የሚያውቀው ነገር ይሁን። አያታችን ላሟን ማን ብላ ትጠራት ነበር? የመጀመሪያው ቤታችን በር ቀለሙ ምን ነበር? ገንዘብ የሚጠይቅ መልዕክት ሲመጣ፣ የገዛ ልጃችሁ ብትሆን እንኳ፣ ጥያቄው ይጠየቃል። እናትን ልጅዋን መጠየቅ ያሳፍራት ይሆናል። ልጅቱ ግን ዋጋውን ስለምታውቅ አትቀየምም።

ሰደቃን በተመለከተ ትንሽ ጠንከር ብዬ ልናገር። በዚህ ወር የታመመ ሕፃን ፎቶ፣ ያልተጨረሰ መስጂድ ምስል፣ ከሥሩ የሂሳብ ቁጥር ያለበት መልዕክት በየግሩፑ ይዞራል። አንዳንዱ እውነት ነው። አንዳንዱ ከሌላ አገር የተወሰደ ፎቶ ነው። አንዳንዱ ደግሞ እውነተኛ ጥሪ ሆኖ የሂሳብ ቁጥሩ ብቻ የተቀየረ ነው፤ ይሄኛው በጣም ይከፋል፤ የሚያየው ሰው ታሪኩን ስለሚያውቀው አይጠረጥርም። «ለአላህ ብዬ ሰጥቻለሁ፣ የበላው እሱ ይጠየቅበት» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ለበጎ ፈቃድ ሰደቃ ንያቸው ምንዳ አያሳጣቸው ይሆናል። ዘካ ግን የድሃ ሐቅ ነው፤ ለባለመብቱ ማድረስ የሰጪው ኃላፊነት ነው። የሐነፊ ፉቀሃዎች የሚቀበለውን ሰው ሁኔታ ለማወቅ ጥረት አድርጎ ከሰጠና ኋላ ካልተገባው ሰው እጅ ከገባበት፣ ምንም ሳይመረምር ከሰጠው ለይተው ያዩታል። እንግዲህ ለማናውቀው ሂሳብ በአንድ ጣት የምንልከውን ዘካ በየትኛው እንደምንመድበው ራሳችን እንፍረድ። በቅርብ ያለው ጎረቤት አይቀድምም? ለመስጂድ ከሆነ ኮሚቴው ዘንድ ሄዶ የሂሳቡን ስም ማየት ይቻላል።

የሐጅና የዑምራ ነገርም አለ። «በግማሽ ዋጋ እንወስዳለን፣ ቦታ ሊያልቅ ነው» የሚሉ ማስታወቂያዎች በቲክቶክ ይታያሉ። በ2016 ዓ.ም. በነበረው ሐጅ በዚያ ኃይለኛ ሙቀት 1,301 ሰዎች መሞታቸውን የሳዑዲ መንግሥት ሲገልጽ፣ ከእነሱ 83 በመቶው ያለ ሐጅ ፈቃድ የመጡ መሆናቸውን ተናግሯል። ፈቃድ የሌለው ሰው ማረፊያ ድንኳንና መጓጓዣ የለውም። ከእነሱ ውስጥ ከየአገሩ ለደላላ ከፍለው በጉብኝት ቪዛ የመጡ ብዙዎች ነበሩ። ከአገራችን ሐጅ የሚኬደው በኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በኩል ነው። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት መጅሊስ ሄዳችሁ ጠይቁ፤ መንገዱ ከቀጨኔ ሩቅ አይደለም።

እስካሁን ስለ ተጎጂው ተናገርኩ። ግን ሌባው ከየት ይመጣል? ከሌላ ዓለም አይመጣም። የእኛው ልጆችም ናቸው። ይህን ሳንነጋገር ብናልፍ ግማሹን ደብቀናል።

መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. ዓርብ ሌሊት፣ የረመዳን 5ኛውን ቀን ፆመን ባደርንበት ምሽት፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ ችግር ተፈጠረና ደንበኞች ከሂሳባቸው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በስልክ ሲዛመት በየዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ሌሊቱን ኤቲኤም ላይ ተሰለፉ። ባንኩ ነገሩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ ገለጸ፤ ያለአግባብ የተወሰደውም 801 ሚሊዮን ብር ገደማ እንደሆነ ተናገረ። መልሱ ተብሎ የጊዜ ገደብ ተሰጠ፤ ያልመለሱትም ስማቸውና ፎቶግራፋቸው ወጣ። አብዛኛው ብር ተመልሷል። ያን ሰሞን «አላህ የሰጠን ሲሳይ ነው» የሚል ቀልድ በወጣቶች አፍ ሰማሁ። ቀልድ ነው ብዬ አላለፍኩትም። በፊቅህ ባለቤቱ ያልታወቀ፣ መንገድ ላይ ወድቆ የተገኘ ዕቃ እንኳ አንድ ዓመት ሙሉ ይለፈፍበታል። ባለቤቱ የታወቀ ገንዘብማ ምንም ክርክር የለበትም። በሩ ክፍት መሆኑ የቤቱን ዕቃ ሐላል አያደርገውም። በዚያ ገንዘብ የተገዛ ቴምር ኢፍጣር ላይ ቀርቦ ይሆን ብሎ ማሰቡ ራሱ ይከብዳል።

ሌላው ከዚህ የከፋ ነው። የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ከማይናማር የማጭበርበሪያ ካምፖች የወጡ ወደ 260 የሚጠጉ ሰዎች ወንዝ ተሻግረው ለታይላንድ ተሰጡ። ከየአገሩ ነበሩ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ግን፣ 138 ያህሉ፣ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። እነዚህ ልጆች ባብዛኛው የተማሩ፣ እንግሊዝኛና ኮምፒውተር የሚችሉ ናቸው። ታይላንድ ጥሩ ደመወዝ ያለው የቢሮ ሥራ አለ ተብለው በበይነ መረብ ማስታወቂያና በደላላ ተወሰዱ፤ ከዚያ ድንበር አሻግረው በሽቦ በታጠረ ግቢ አስገቧቸው። ሥራቸው በሐሰት ስምና ፎቶ ከባዕድ አገር ሰው ጋር ፍቅር መጀመር፣ ከዚያ ገንዘቡን ወደ ሐሰተኛ ኢንቨስትመንት እንዲያስገባ ማግባባት ነበር። የተባለውን ያላመጣ ይደበደባል፤ በኤሌክትሪክ ይነዘራል። ተታላዩም አታላዩም በአንድ ሰንሰለት ታስረው ማለት ነው። ቤታችሁ የተመረቀና ሥራ ያጣ ልጅ ካለ ይህን ታሪክ ንገሩት። ቪዛውንና ቲኬቱን ራሱ የሚከፍል፣ ቃለ መጠይቁን በቴሌግራም የሚያደርግ ቀጣሪ ሲመጣ ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ፓስፖርት አይሰጥም።

አሁን ወደዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ወደሚጠይቀው ሰው ልመለስ። ብዙ ጊዜ የተወሰደው ብር የእሱ ብቻ አይደለም። የክር ነጋዴ ዱቤ አለበት፤ የዕቁብ ብር ነው፤ የቤት ኪራይ ነው። ከሚስቱ ይደብቃል። ለመክፈል ሌላ ይበደራል። አንዳንዱ ቀን ቀን ይፆማል፤ ማታ ግን እንቅልፍ የለውም፤ ከጀማዓም ይርቃል። እኔ እንደማየው ከብሩ ይልቅ ዝምታው ቤት ያፈርሳል። ሚስት በመጨረሻ ስትሰማ የሚያናድዳት የጠፋው 30,000 ብር ሳይሆን ሦስት ወር ሙሉ የተደበቀባት ነገር ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እነግረዋለሁ። አንደኛው ዛሬውኑ ለቤተሰቡ እንዲናገር ነው። ሁለተኛውን ብዙዎች ሲሰሙት ይገረማሉ። ቁርኣን በ9ኛው ምዕራፍ፣ በ60ኛው አንቀጽ ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ወገኖች አንዱ አድርጎ ባለ ዕዳዎችን ይቆጥራል። ተጭበርብሮ ዕዳ ውስጥ የገባ፣ መክፈያ ያጣ ሰው ከእነዚህ ውስጥ ነው። የሚለምን መምሰል ስለሚያፍር ራሱ አይመጣም። እናንተ የምታውቁት ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረባ፣ ዘመድ ካለ፣ ዘንድሮ ዘካችሁን ስታሰሉ አስቡት። ክሩን በዱቤ ለሰጠው ነጋዴ በቀጥታ ብትከፍሉለት እንኳ ስሙ ሳይነሳ ዕዳው ይወርድለታል።

ገና አሁን የተወሰደበት ሰው ግን መጀመሪያ ወደ እኔ አይምጣ። ወደ ተቋሙ ይደውል፤ ብሩ ከተቀባዩ ሂሳብ ሳይወጣ ሊታገድ የሚችለው በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ነው። ለኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ለንግድ ባንክ 951 ነው፤ የሌላ ባንክ ደንበኛ የባንኩን ቁጥር ከአሁኑ በወረቀት ጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጥፍ፤ ስልኩ ከተወሰደበት ስልኩ ውስጥ ያለው ቁጥር አይጠቅመውም። ከዚያ በአካል ወደ ቅርንጫፉ ይሂድ። መልዕክቱን አያጥፋ፤ የዝውውሩን ቁጥር፣ የደወለውን ስልክ፣ ሰዓቱን ይያዝ። ፖሊስ በ991፣ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር በ933 ይገኛሉ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በኮምፒውተር አማካይነት ሰውን ያታለለ እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራትና እስከ 50,000 ብር በሚደርስ መቀጮ እንደሚቀጣ ደንግጓል። «ከፍለኸኝ ብርህን አስመልስልሃለሁ» የሚል ሰው ቢመጣ ደግሞ እሱ ሁለተኛው ሌባ ነው።

በመጨረሻ ሰሞኑን ደጋግመው የጠየቁኝን ልመልስ። «ያታለለኝ ሰው የሰፈር ልጅ ነው፤ ፆመኛ ሆኜ ስሙን ባነሳ ሐሜት አይሆንብኝም?» ይላሉ። ኢማም አን-ነወዊ በሪያዱ ሷሊሒን ውስጥ ሐሜት የሚፈቀድባቸውን ስድስት ሁኔታዎች ዘርዝረዋል። የተበደለ ሰው ፍርድ ሊሰጥ ለሚችል አካል አቤት ማለቱ፣ ሙስሊሞችን ከክፉ ሰው ማስጠንቀቅም ከእነሱ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ ለፖሊስ ስሙን ከነስልክ ቁጥሩ መስጠት ይቻላል፤ ፆማችሁም አይጎድልም። በቴሌግራም ግሩፕ ላይ ያልተረጋገጠ የሰው ፎቶ መለጠፍ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ ላይ ያው «ፈተሰበቱ» ይመለሳል። ስም ሳይነሳ ዘዴውን ብቻ መንገርም ይቻላል። ከተራዊህ በኋላ ሰው ሳይበተን አምስት ደቂቃ የሚፈልግ ካለ ማይክራፎኑ አለ።